48,000 ብር ለ3ኛ ለ፦ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል በኦንላይን ገንዘብ የማሰባሰብ መመሪያ

የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። አንዱ የ8ኛ ክፍል ፎቶ ይለጥፋል። ሳቅ ይሆናል፣ ትዝታ ይወራል፣ «እገሌስ የት ገባ?» ይባላል። ከዚያ አንዱ «ለምን ለትምህርት ቤታችን አንድ ነገር አናደርግም?» ይላል። ሁሉም ልብ ይልካል። ሌላው ቸኩሎ የራሱን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ ጭጭ። በሦስተኛው ቀን ግሩፑ ወደ «እንኳን አደረሳችሁ» ይመለሳል።

ሰው ስስታም ሆኖ አይደለም። ለዕድር፣ ለታመመ ጎረቤት፣ ለማያውቀው ሰው ሐዘን ሳይቀር የሚያዋጣ ሕዝብ ነው። ግሩፑን ዝም ያሰኙት ሁለት ነገሮች ናቸው። ምን እንደሚገዛ አልተነገረም። ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚገባም አልታወቀም። እነዚህን ሁለቱን መጀመሪያ ከመለሳችሁ ሌላው ጣጣ ቀላል ነው። ከዚህ በታች ያለው መንገድ የተጻፈው አገር ቤት ላለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ለዚያውም ለአንድ ክፍል፣ ማዋጣት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ትምህርት ቤቱን በሙሉ ለማደስ ያሰባችሁ ካላችሁም በአንድ ክፍል ጀምሩ።

«ለትምህርት ቤታችን» ማለት አይበቃም

በ2000 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ቤስት የሚባል በኒው ዮርክ ብሮንክስ የሚያስተምር መምህር ዶነርስቹዝ የተባለ ድረ ገጽ ጀመረ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ለክፍሉ የሚፈልገውን ዕቃ ከነዋጋው ዘርዝሮ ይለጥፋል። ሰው ከ1 ዶላር ጀምሮ ይሰጣል። ሲሞላ ገንዘቡ ለመምህሩ አይላክም፤ ድርጅቱ ራሱ ዕቃውን ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል። በአራት ወር ካልሞላ፣ የሰጠው ሰው ገንዘቡን ወደ ሌላ ክፍል ማዞር ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሪፕል የተባለው የክሪፕቶ ኩባንያ በዚያን ሰዓት ክፍት የነበረውን ጥያቄ በሙሉ፣ ከ35,000 በላይ የሚሆነውን፣ 29 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ዘጋው። እንዲህ በአንድ ቀን መዝጋት የተቻለው እያንዳንዱ ጥያቄ ዋጋው ተቆርጦ፣ ዕቃው ተለይቶ የተቀመጠ ስለነበረ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፦ ልጃችሁ የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ዶነርስቹዝ ላይ ጥያቄ መክፈት ትችላለች። ወላጅ ግን ራሱ መክፈት አይችልም። ሊንኩን ከእሷ ተቀብላችሁ ሼር ማድረግ ነው የእናንተ ሥራ።)

ዶነርስቹዝ ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው የሚሠራው። አገር ቤት ላለው ክፍል ያንን የመሐል ሥራ የምትሠሩት እናንተ፣ ኮሚቴው፣ ናችሁ። ዕቃውን ትለያላችሁ፣ ዋጋውን ታስቆርጣላችሁ፣ ራሳችሁ ትገዛላችሁ፣ ራሳችሁ ታስረክባላችሁ።

መጀመሪያ የተሰበረውን ክምር እዩ

አንድ ሰው በአካል ትምህርት ቤቱ ሄዶ ይይ። በስልክ «ምን ይጎድላችኋል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ሁሉም» ነው፤ ርዕሰ መምህሩም አልዋሸም። የሄደው ሰው ግን መጀመሪያ ወደ ጓሮ ይዙር። ብዙ መንግሥት ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ወይም ከመጋዘኑ ኋላ፣ የተሰበረ ኮምባይንድ ዴስክ ተከምሮ ታገኛላችሁ። ጣውላው በስብሷል፤ ብረቱ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። አንድ ብየዳ፣ አዲስ ጣውላና ቀለም ሲያገኝ ወደ ክፍል ይመለሳል። አዲስ ከማሠራት በጣም ይረክሳል። ገና ብር ሳትለምኑ ግማሽ መንገድ ሊያስኬዳችሁ ይችላል።

ከዚያ ክፍል ገብቶ ይቁጠር። ስንት ተማሪ፣ ስንት የሚያስቀምጥ ዴስክ፣ በአንዱ ላይ ስንት ልጅ። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ይህንንም ይጻፍ፤ ያንኑ ዴስክ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ክፍል ይጠቀምበታል ማለት ነው፤ ለሰጪው ጥሩ ወሬ ነው።

ዴስክ ምሳሌ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ሰሌዳ፣ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ አጋዥ መጻሕፍት፣ የውኃ ታንከር፣ ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ፣ ሁሉም ይሆናል። መመዘኛው ሦስት ነው፦ የሚቆጠር፣ ዋጋ የሚወጣለት፣ ካለቀ በኋላ ፎቶ የሚነሳ። «የትምህርት ጥራት ማሻሻል» ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። የመማሪያ መጽሐፍ ማሳተም ውስጥም አትግቡ፤ እሱ የመንግሥት ሥራ ነው።

ደብዳቤ ሳይኖር ቁጥር አትለጥፉ

ከርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ውሰዱ። የክፍሉ ስም፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ ትምህርት ቤቱ ዕቃውን በዓይነት ለመቀበል መስማማቱ ይጻፍበት። ከዚያ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱን (ወተመህ የሚሉትን) አነጋግሩ። እነሱ ያላወቁት መዋጮ በኋላ ወሬ ያመጣል። ቃለ ጉባኤ ይያዝና ይፈረም፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ይወቅ። ፈቃድ ለመለመን ሳይሆን ለማሳወቅ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ደስ ይላቸዋል። ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ የጀመረው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ለትምህርት ቤቶች ያደረገውን ድጋፍ ስለሚጠይቃቸው የእናንተም ዴስክ ሪፖርታቸው ውስጥ ይገባል። ይግባላቸው። ምንም አይቀንስባችሁም።

ዋጋውን ቁረጡ

ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ውሰዱ። ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቸው ሠሪዎች ይሁን። ከተማው ውስጥ በማኅበር የተደራጁ የብረታ ብረት ወጣቶች ካሉ እነሱንም ጠይቁ፤ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆኑ ትራንስፖርት ይቀንሳል፤ ሲሰበርም ለጥገና የሚጠራ ሰው በቅርብ አለ ማለት ነው።

ፕሮፎርማው ላይ ታች በትንሽ ጽሑፍ «ይህ ዋጋ ለ… ቀን ብቻ የሚያገለግል ነው» የሚል አለ። እሱን አንብቡ። ሁለት ወር ሙሉ ብር ስትለቅሙ ቆይታችሁ ስትሄዱ ብረቱ ዋጋው ጨምሯል። ስለዚህ ዘመቻው አጭር ይሁን፣ ከላይም መጠባበቂያ ጨምሩ።

በቁጥር እንየው። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ፕሮፎርማ ተከተሉ። 3ኛ ለ ክፍል 66 ተማሪዎች አሉት እንበል። ሦስት ሦስት ልጅ ቢቀመጥ 22 ዴስክ ያስፈልጋል። ደህናው 10 ነው። ከክምሩ 7 ይጠገናል፣ 5 አዲስ ይሠራል። ጥገናው አንዱ 1,500 ብር ቢሆን 10,500 ብር። አዲሱ አንዱ 6,000 ብር ቢሆን 30,000 ብር። መጫኛና ማውረጃ 3,000 ብር። ድምሩ 43,500 ብር። አሥር በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 47,850 ብር፤ 48,000 ብላችሁ ዝጉት።

አሁን አካፍሉት፦ 96 ሰው 500 ብር። «48,000 ብር እንፈልጋለን» ሲባል ሰው ሌላ ሀብታም ይጠብቃል። «96 ሰው እንፈልጋለን» ሲባል ግን ራሱን ይቆጥራል።

ገንዘቡ የት ይግባ?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ዘመቻ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የግል ሒሳብ፣ የግል ቴሌብር፣ «ለእሱ እመኑት፣ ታማኝ ልጅ ነው» የሚባል ነገር አይሁን። ልጁ ታማኝ ከሆነ ደግሞ የበለጠ አይሁን፤ ስሙን ለምን ታስጠፉበታላችሁ? በኮሚቴው ስም በጋራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ሦስት ፈራሚዎች፣ ለማውጣት ሁለቱ። ባንኩ ቃለ ጉባኤና የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ለዚህ ነው ቀድማችሁ ያስጻፋችሁት። ከፈራሚዎቹ አንዱ የወላጆች ተወካይ ቢሆን ጥሩ ነው። ርዕሰ መምህሩ ግን ፈራሚ አይሁን ባይ ነኝ። ለእሱም እፎይታ ነው፤ ወሬ ቢነሳ ከደሙ ንጹሕ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ውስጥ ማስገባትስ? ይቻላል፤ ሕጋዊም ነው። ግን ብሩ አንዴ እዚያ ከገባ በመንግሥት የፋይናንስና የግዥ ሥርዓት ነው የሚወጣው። ርዕሰ መምህሩ ቢፈልግ እንኳ ነገ ጠዋት ዴስክ ገዝቶ አይመለስም። አስቸኳይ ሌላ ጉድለት ሲመጣም ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ለዚህ መጠን ዕቃውን ገዝቶ በዓይነት ማስረከብ ይሻላል።

አገር ቤት ላለ ሰው መላኪያው ቀላል ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ ኤምፔሳም ገብቷል፤ የሁሉም ባንክ አፕ አለ። ለሁሉም አንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ለጥፉ። ከቴሌብርም ወደ ባንክ መላክ ይቻላል። ቁጥር ሲበዛ ሒሳብ ይምታታል፤ አስመሳይም በመሐል የራሱን ቁጥር ሸጉጦ ይገባል። ከቁጥሩ ሥር ሁልጊዜ ይህን ጻፉ፦ «ስትልኩ የሚመጣው ስም እንዲህ የሚል ነው። ሌላ ስም ከመጣ አትላኩ።»

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። በስልክ አፕ የሚሠራ ሐሰተኛ የክፍያ ምስል ሞልቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዝውውር «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምር የግብይት ቁጥር አለው። ሒሳብ ያዡ ያንን ቁጥር ከባንኩ ስቴትመንት ላይ ካገኘው ብቻ ይመዝግብ። ካላገኘው «አልገባም» ብሎ በውስጥ መስመር፣ በትሕትና፣ ይጠይቅ።

መዝገቡ በጎግል ሺት ይሁን፤ ማንም አይቶ የማይነካው። ቀን፣ ስም፣ መጠን፣ የግብይት ቁጥሩ የመጨረሻ አኃዞች፣ የተደመረው። «ስሜ አይጠራ» የሚል ሁሌም አለ፤ «ወንድም» ወይም «እህት» ብላችሁ ጻፉለት። ብዙ የሰጠውን አንደኛ፣ ትንሽ የሰጠውን መጨረሻ አድርጎ መደርደር ግን ነውር ነው። 100 ብር ያላት ሰው ሰንጠረዡን አይታ ትመለሳለች።

ውጭ ያሉት ደግሞ እንዲህ ናቸው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን ያሉት ጎፈንድሚ (በኦንላይን መዋጮ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) ላይ ዘመቻ መክፈት ይችላሉ። ኢትዮጵያ ጎፈንድሚ ገንዘብ ከሚያወጣባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከፋቹም ተቀባዩም በዚያ ያለ፣ እዚያው የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው መሆን አለበት። መግለጫው ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይስፈር፦ ከፋቹ ማን ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ምን ያገናኘዋል፣ ገንዘቡ እንዴት አገር ቤት ደርሶ ምን ላይ ይውላል። ይህ ካልተጻፈ ድርጅቱ ጠይቆ እስኪያጣራ ገንዘቡን ሊይዘው ይችላል።

ክፍያውንም እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። መቶ ሰው 10 ዶላር ቢሰጥ ከ1,000 ዶላሩ እጃችሁ የሚገባው 941 ነው። አሥር ሰው 100 ዶላር ቢሰጥ ግን 968። ትንሽ ስጦታ ሲበዛ ያቺ 30 ሳንቲም ትበላለች። ሌላም አለ። ሰው ሲከፍል ድረ ገጹ «ቲፕ» ይጠይቀዋል። እሱ ለጎፈንድሚ እንጂ ለዴስኩ አይደለም፤ ወደ ዜሮ ማውረድ ይቻላል። ይህን በአንድ መስመር ለሰጪዎች ንገሩ። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል።

አሜሪካ ያላችሁ «ከታክስ ይቀነስልኛል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በግለሰብ ስም በተከፈተ ጎፈንድሚ የተሰጠ ስጦታ በመደበኛው አይቀነስም። እንዲቀነስ ከተፈለገ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ፣ ከታክስ ነፃ የሆነ ማኅበር በኩል መሄድ አለበት። ለአንድ ክፍል ዴስክ ማኅበር ማቋቋም ግን በእኔ አስተያየት ድካም ነው። የምታውቋቸው ጓደኛሞች 20 ቢሆኑ በዜል (በአሜሪካ ባንኮች መካከል ገንዘብ መላኪያ) ለአንድ ሰብሳቢ ልከው፣ እሱ በአንድ ጊዜ ወደ ኮሚቴው ሒሳብ ቢያስተላልፍ ይሻላል፤ ዜል ክፍያ አይቆርጥም። የተላከ ገንዘብ ግን አይመለስም። ስለዚህ ለምታውቁት ሰው ብቻ።

ዶላሩን ስትልኩ የሁለት ሦስት ባንክ ምንዛሪ አይታችሁ ላኩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በባንኮቹ መካከል ልዩነት አለ።

ዓረብ አገር ላላችሁ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ውስጥ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም ቢሆን፣ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ሳዑዲም ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ አትፈቅድም። ስለዚህ ከዚያ ሆናችሁ ዘመቻ አትምሩ፣ ከሰው ላይ አትሰብስቡ፣ የመዋጮ ሊንክም አትለጥፉ። የሚመራው አገር ቤት ያለው ይሁን። እህቶቻችንን «ለደግ ሥራ ነው» ብለን ፖሊስ ጣቢያ አንስደዳቸው።

ጥሪውን መጻፍ

ጥሪው አጭር፣ ቁጥር ያለው፣ ልመና ያልበዛበት ይሁን። ከ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ይህን ቁጥር ጥሪው ላይ ብትደጋግሙት ሰውን ያስቆጫል እንጂ ኪሱን አያስከፍትም። «ድር ቢያብር»ንም ተዉት፤ ከአስተያየቱ ሥር ሌላው ይጽፈዋል።

ይህን መሰል ጽሑፍ ይበቃል፦

«3ኛ ለ ክፍል 66 ተማሪዎች አሉ። ደህና ዴስክ 10 ብቻ ነው። በአንዱ ላይ አምስት ልጅ ተጨናንቆ ይቀመጣል፤ የተረፉት 16ቱ መሬት ላይ ናቸው። ከጓሮ ያሉ 7 ዴስኮችን እናስጠግናለን፣ 5 አዲስ እናሠራለን። ጠቅላላ 48,000 ብር። 96 ሰው 500 ብር ቢያዋጣ ያልቃል። ከዚያ በታችም በላይም ይቻላል። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ሦስቱ ፕሮፎርማዎችና መዝገቡ ከታች አሉ። የምንዘጋው ነሐሴ 20 ነው። ካልሞላ በተገኘው ልክ መጀመሪያ ጥገናውን እንሠራለን። ከተረፈ ለ3ኛ ሀ ክፍል ይሆናል።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አትዝለሉ። ካልሞላስ? ከተረፈስ? ሰው አፉን ሞልቶ ባይጠይቅም በሆዱ ይጠይቃል።

ከጽሑፉ ጋር የክፍሉ ኃላፊ መምህርት በራሷ ድምፅ የቀዳችው አንድ ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት ቢኖር ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። ወረቀት አታስነብቧት። «ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ልጆቹን ማሸጋሸግ ነው» ዓይነት ነገር ራሷ ትናገራለች።

ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። የተቀዳደደ ልብስ የለበሰች ልጅ ፊት ማሳየት ገንዘብ ሊያመጣ ይችላል። ልጅቷ ግን ታድጋለች፤ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ይቀራል፤ የክፍል ጓደኞቿም ስልክ አላቸው። ባዶውን ክፍል አንሱ፤ ክምሩን አንሱ፤ ልጆቹን ከኋላ ሆናችሁ፣ ደብተር ላይ ያጎነበሰ ትከሻ አንሱ። ፊት የሚታይ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ይኑር፤ ትምህርት ቤቱም ይወቅ።

ማስኬድ

ጥሪውን ግሩፑ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ኮሚቴው ራሱ ያዋጣ፤ አሥር ያህል የቅርብ ሰውም በውስጥ ጠይቃችሁ አስገቡ። ዜሮ ያለበት መዝገብ ማንንም አያነሳሳም።

ዋናው ገንዘብ ከግሩፕ ፖስት አይመጣም። ከስልክ ጥሪና ከውስጥ መልእክት ነው የሚመጣው። ለየባቹ አንድ አንድ ተወካይ መድቡ፤ «የ2002 ባች 11 ሰው ደረሰ፣ የ2004 ገና 3 ነው» ስትሉ ፉክክሩ ራሱ ይነዳዋል። ትልቅ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። «ሌላው የሰጠውን ያህል፣ እስከ 10,000 ብር ድረስ፣ እጨምራለሁ» ብሎ ቢያስነግር ያው ብሩ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ጊዜውን ምረጡ። የደመወዝ ሰሞን፣ የወሩ ማብቂያ አካባቢ፣ ጥሩ ነው። በበዓል ዋዜማ አትጀምሩ፤ ሰው በግ ሊገዛ ነው። ለመስከረም ዴስኩ እንዲደርስ ገንዘቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሰብሰብ አለበት፤ በዚያ ላይ ከውጭ ለእረፍት የሚመጡት ያን ጊዜ አገር ቤት ናቸው፤ ወስዳችሁ ክፍሉን አሳዩአቸው። የገጠር መንገድ ከሆነ ግን ክረምት ጭቃው መኪና ስለማያስገባ ማጓጓዙን ቀድማችሁ አስቡበት። ፖስት ስታደርጉ ማታ 3 ሰዓት ጥሩ ነው፤ አገር ቤት ሰው እራት በልቶ ስልኩን ይዟል፤ ዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ወሬ አይቋረጥ፤ ግን አታሰልቹ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ መስመር፦ «61 ሰው ደርሰናል፣ 35 ቀረን።»

ሲገዛ

ሠሪው ቀብድ ይጠይቃል፤ ያስኬዳል። ሙሉውን ግን አትስጡ። ውሉ ላይ የብረቱ ውፍረት፣ የጣውላው ዓይነት፣ ቁመቱ፣ የማስረከቢያ ቀንና ቀሪው ክፍያ መቼ እንደሚፈጸም ይጻፍ። ቁመቱን በተለይ። የ1ኛ ክፍልና የ8ኛ ክፍል ልጅ አንድ ዓይነት ዴስክ ላይ ሲቀመጡ ትንሹ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ አገጩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ነው የሚጽፈው። ከክፍሉ ሁለት ልጆች አቁማችሁ ለኩ።

መጀመሪያ አንድ ናሙና ብቻ አሠሩ። ሄዳችሁ ተቀመጡበት፤ ሦስት ትልልቅ ሰው ሆናችሁ። ወደ ጎን ናጡት። ከዚያ ገልብጡት። ብየዳው ነጥብ ነጥብ ብቻ ከሆነ፣ ዙሪያውን ካልተበየደ፣ የመጀመሪያውን መንፈቅ አያልፍም። ጠርዙን በእጃችሁ ዳስሱ፤ የሚቧጭር ብረት የልጅ ልብስና ጉልበት ይቀዳል። ከቀለሙ ሥር የዝገት መከላከያ መቀባቱን ከመቀባቱ በፊት ሄዳችሁ እዩ፤ ከተቀባ በኋላ ማን ያውቃል? ናሙናው ካለፈ ቀሪው እንደሱ እንዲሆን ውል ላይ ይግባ።

ከጠቅላላው ክፍያ ትንሽ፣ አሥር በመቶ ያህል፣ ዴስኩ ለጥቂት ሳምንት ካገለገለ በኋላ እንዲከፈል ብትስማሙ የላላ ብየዳ ሲመጣ ሠሪው ስልክ ያነሳል። ደረሰኝ በኮሚቴው ወይም በትምህርት ቤቱ ስም ይሁን።

ማስረከብ

ዕቃው ትምህርት ቤት ሲደርስ የንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 ይቁረጥላችሁ። ይህ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው። ይህ ከሌለ ዴስኩ በመንግሥት ንብረት መዝገብ ላይ የለም ማለት ነው፤ ነገ ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር የሚጠይቅለት የለም። የተጠገኑት ቀድሞም የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆኑ ለእነሱ የጥገና ርክክብ ቃለ ጉባኤ ይበቃል። እያንዳንዱ ዴስክ ላይ የክፍሉና ተራ ቁጥሩ በቀለም ይጻፍ።

ባነር፣ የክብር እንግዳ፣ የምሳ ግብዣ የሚባለውን በሰው 500 ብር አታድርጉት። ሠርግ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ቡና ካስፈላ ጠጡና አመስግናችሁ ውጡ።

በዚያው ሳምንት ግሩፑ ላይ አራት ነገር ይለጠፍ፦ የባንኩ ስቴትመንት፣ የግዥው ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ልጆቹ የተቀመጡበት ክፍል ከኋላ የተነሳ ፎቶ። ስቴትመንቱ ላይ የሰዎችን የሒሳብ ቁጥር ሸፍኑ። ጎፈንድሚ ላይ የሰጡት ግሩፑ ውስጥ ላይኖሩ ስለሚችሉ እዚያም አፕዴት ይጻፍ። ከልጆቹ ጥቂቶቹ በእጃቸው የጻፉት የምስጋና ወረቀት ቢጨመር ሰው በጣም ይወደዋል፤ መምህርቷ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ልምምድ ልታደርገው ትችላለች። ፊደሉን ግን አታርሙባቸው።

መጠባበቂያው ካልተነካ ለ3ኛ ሀ ይሆናል ብላችኋል፤ ስለዚህ ሒሳቡ ውስጥ ስንት እንደተረፈ ጻፉና የ3ኛ ሀን የዴስክ ቆጠራ በዚያው ፖስት ላይ አያይዙ። ሁለተኛ ዙር የማታስቡ ከሆነ ደግሞ በተረፈው ለ3ኛ ሀ ክፍል ሰሌዳ ቀለም ግዙ፣ ደረሰኙን ለጥፉ፣ ሒሳቡንም በሁለት ፊርማ ዝጉ።